ባሕሪ የቀረው አንገት

መጋቢት 16፣ ቅዳሜ

ዛሬም ማደያው ላይ ተዋረድኩ። ቀጂው ቧንቧውን ሰክቶ ገና ሲለቀው ቤንዚኑ ተመልሶ እጅጌው ላይ ተረጨ። "ያ ኡስታዝ፣ ይቺን መኪናህን ወይ አሳክማት ወይ ቅበራት!" ብሎ ጮኸ። የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። ልጄ ሶፍያ ከጎኔ ተቀምጣ ሻርፗን ፊቷ ላይ ሳበች። "ባባ፣ ኸላስ፣ ሁለተኛ ካንተ ጋር በንዚን ለመቅዳት አልመጣም" አለችኝ። ግማሽ እንኳ ሳይሞላልኝ ወጣሁ።

ችግሩ የት እንዳለ የገባኝ ይመስለኛል። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት አሸዋ ላይ እንድትሄድለት ብሎ የላንድክሩዘሯን አካል ከሻንሲው ከፍ አስደርጎታል። የመሙያው አፍ አብሮ ሽቅብ ሲወጣ ሰልባቲዮው፣ የቤንዚኑ ታንክ፣ ታች ቀረ። ሁለቱን የሚያገናኘው ጠማማ ቱቦ፣ አንገቱ፣ ተቆርጦ በማይገጥመው ብረት ተቀጥሏል፤ ከጎኑ የነበረችው ቀጭን የአየር መውጫም ተደፍናለች። ቤንዚን ሲገባ አየሩ መሄጃ ያጣና መልሶ ይተፋዋል።

ከሰዓት ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ሰፈር ወስጄ ለጂብሪል አሳየሁት። ጂብሪል የወሎ ልጅ ነው፤ ከፋብሪካዎቹ መሀል ብየዳ ቤት አለው። ሥራዬ ትርጉምና ደብዳቤ መጻፍ ነው፣ ኡስታዝ የሚሉኝም ለዚህ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻውን በአረብኛ የጻፍኩለት እኔ ነኝ፣ ከዚያ ወዲህ እንዋደዳለን። መኪናዋ ሥር ገብቶ ወጣና፣ "አንገቷን ሰብረዋታል ኡስታዝ። አውልቄ አዲስ እሠራላታለሁ። ሰፊ፣ መተንፈሻ ያለው። ከጀሪካን ብትቀዳ እንኳን ጠብታ አይመለስም" አለኝ።

ይህን ስሰማ እንዴት ደስ አለኝ! ከፋሲካ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ በገላባት ድንበር አድርገን ጎንደር ልንሄድ ነው። እኔ ከዚያ የወጣሁት በእግሬ ነው፤ ተማሪ ነበርኩ፣ ከለበስኩት በቀር ምንም አልያዝኩም። አሁን በገዛ መኪናዬ፣ ሚስቴንና ልጄን ይዤ ልገባ ነው። ለሚስቴ ለመሠረት ስነግራት "በአውቶቡስም ይደረሳል እኮ" አለች። ነርስ ናት፤ ነገር ማቅለል ልማዷ ነው።

መጋቢት 25፣ ሰኞ

አንገቱ ገና አልተጀመረም። ጂብሪል ጾሙ ከብዶታል። "ከቀትር በኋላ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ በተንቀጠቀጠ እጅ ደግሞ ቤንዚን የሚነካ ነገር አልበይድም" አለኝ። ልክ ነው። ግን ሲዘገይ ያናድደኛል።

ስመለስ የወንዙ ድልድይ፣ ኩብሪው ላይ ወታደር በዝቷል። በሀፍላው አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ያወራሉ። "ከዒድ አያልፍም" አለ አንዱ። "ምኑ?" ቢለው "አንተ ደግሞ!" ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ ሁለት ቋንቋ እያገላበጥኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ ሰው የሚያወራው ግን አልገባኝም።

መሠረት የስኳር መድኃኒቷን ልታመጣ ሄዳ የምትሠራበት ክሊኒክ ግማሹን ብቻ ሰጣት፤ ቀሪውን ከበዓል በኋላ አሏት። ፍሪጅ ውስጥ ስትደረድር ቆጠረች፣ ደግማም ቆጠረች። መርፌዋን ራሷ ነው የምትወጋው። እኔ ማየት አልወድም፤ ያንን ሰዓት ወደ ግቢው፣ ሐውሽ፣ ወጥቼ እቆማለሁ።

ሚያዝያ 3፣ ማክሰኞ

በስተመጨረሻ አሮጌው አንገት ወለቀ። ለአዲሱ መለኪያ እንዲሆነው ጂብሪል ዘንድ ቀረ፤ ክዳኑም አብሮ። "መኪናዋን እዚሁ ተዋት" አለኝ። ግቢው አጥር የለውም፣ እንዴት ብዬ አሳድራታለሁ? የሰልባቲዮው ቀዳዳ ላይ ጨርቅ ወትፈን፣ በፕላስቲክ ጠቅልለን፣ በሽቦ አሰርነው። ቀስ ብዬ ኩብሪውን ተሻግሬ ሰፈራችን አርካዊት ገባሁ።

"ቅዳሜ ና። ተሠርቶ ይጠብቅሃል፣ ኢንሻላህ" ብሎኛል።

መሠረት ጎንበስ ብላ አየችና "አንገቷን ቆርጠህ አመጣሃት?" አለች። ሳቅን።

ሚያዝያ 7፣ ቅዳሜ

ወደ ባሕሪ ልወጣ ስል ጀመረ። መጀመሪያ ጎማ የፈነዳ መሰለኝ። ቀጥሎ አውሮፕላን፣ ከጣሪያው ላይ የሚሄድ እስኪመስል። ሶፍያ አልጋ ሥር ናት፣ አልወጣም አለች። ማን ነው የሚተኩሰው? በማን ላይ? የምጠይቃቸው ሁሉ እኔን ይጠይቁኛል።

ነገ ፋሲካ ነው።

ሚያዝያ 8፣ እሑድ

ኮሪደሩ ላይ ነን፤ መስኮት የሌለው እሱ ብቻ ነው። የገዛናት ዶሮ ሐውሽ ውስጥ ትንቆራጠጣለች፣ የሚያርዳት የለም። ሶፍያ ከስልኳ ታነብልናለች። ሁሉም አሸንፌያለሁ ይላል። "ባባ፣ ታዲያ የተሸነፈው ሚኑ ነው? ማን ነው?" አለችኝ። ስትፈራ አማርኛዋ ይጠፋባታል።

መኪናዋ እዚህ፣ አንገቷ ባሕሪ።

ሚያዝያ 11፣ ረቡዕ

መብራት የለም። ውሃ የለም፤ ጎረቤታችን ኦመር ጉድጓድ ስላለው እሱ ዘንድ እንቀዳለን። መሠረት መድኃኒቷን ከፍሪጁ አውጥታ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችና ዚሩ ሥር፣ የውሃው እንስራ እርጥበት የሚንጠባጠብበት ቦታ፣ አስቀመጠችው። "ይበቃል?" አልኳት። "ይበቃል" አለች።

ጂብሪልን በስልክ አገኘሁት! ድምፁ ይቆራረጣል። ብየዳ ቤቱ ውስጥ ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር ተዘግቶባቸው ነው ያሉት።

"አንገትህ አልቋል እኮ ኡስታዝ" አለኝ። "ዓርብ ዕለት ነው የጨረስኩት። ቀለምም ቀብቼው ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ አሁን እያየሁት ነው።"

"ኩብሪው ሲከፈት እመጣለሁ።"

"ኩብሪው?" አለኝ። ቆይቶ "እሺ፣ ና" አለኝ። ለምን እንዲህ እንዳለኝ አልገባኝም። ሊያጽናናኝ ነው?

ሙቀቱ አይቻልም። መሠረት ውሃ በውሃ ላይ ትጠጣለች።

ሚያዝያ 14፣ ቅዳሜ

ትናንት ዒድ ነበር። ዛሬ ኦመር ቤተሰቡን ይዞ ወደ መደኒ ከተማ ሄደ። ወንድሙ ትንሽ አውቶቡስ አምጥቶላቸዋል። ጉድጓዱን እንድንጠቀም የበሩን ቁልፍ ሰጠኝ፤ በረንዳው ላይ ያሉትን ሁለት ጀሪካን ቤንዚንም "ላንተ ናቸው" አለኝ። ቀጥሎ እጄን ይዞ እንዲህ አለ፤

"ያ ኡስታዝ፣ ሁለት ወንበር አለ። መሠረትንና ልጅቷን ስጠኝ። አንተ ኋላ ትመጣለህ።"

አብረን ነው የምንሄደው አልኩት። መኪና እያለን ለምን እንለያያለን? የአንገት ነገር ብቻ ነው፣ ይስተካከላል። ኦመር መኪናዋን አየ፣ እኔን አየ፣ መሠረትን አየ። እሷ ዘወር ብላ ወደ ቤት ገባች። አውቶቡሱ ከታጠፈ በኋላ ግን ብርጭቆ ውሃ ይዛ መጥታ መንገዱን ስታይ ቆየች።

ትክክል ነው ያደረግኩት። ቤተሰብ አይለያይም። አይደል?

ሚያዝያ 17፣ ማክሰኞ

ሁድና፣ ተኩስ አቁም፣ ነው ይላሉ፤ ተኩሱ ግን ከሩቅ ይሰማል። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሁሉ ፍራሽና ሻንጣ ተሸክሞ እየወጣ ነው።

በር ተንኳኳ። ሬሕማ ናት። ሬሕማ አል-ጣኢፍ ሰፈር በአንድ ሀብታም ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት፤ ደብዳቤ ሊጻፍላት ወደኔ ስትመጣ ነው ከመሠረት ጋር የተዋወቁት። አሠሪዎቿ ወደ ግብፅ ሲወጡ "ቤቱን ጠብቂ" ብለዋት ቁልፉን ትተውላት ሄዱ። ብቻዋን ስትፈራ ቆይታ ዛሬ በእግሯ መጣች።

"በአላህ ጋሼ ወንደሰን፣ ስትሄዱ ወለሉ ላይም ቢሆን እቀመጣለሁ፣ አትጣሉኝ" አለችኝ።

"ወንበር አለሽ። አንገቷን እንደሠራሁ እንሄዳለን።"

"የማንን አንገት?" ብላ ደነገጠች። መሠረት ሳቀች። ሳቋ ደከም ያለ ነው፣ ከንፈሯም ደርቋል። የጉድጓድ ውሃ ስለምንጠጣ ይሆናል።

መሠረት ወጥታ ከመኪናዋ አጠገብ ቆመች። "ከባሕሪ እዚህ ድረስ ጨርቅ ወትፈህበት አይደለም የመጣኸው?"

"ያ ቅርብ ነው፤ ቤንዚኑም ትንሽ ነበር። በዚያ ረጅም መንገድ ሞልተን ስንሄድ ይፈናጠቃል። ኬላ ላይ የሚቆመው ሁሉ ሲጋራ ያጨሳል። ልታቃጥዪን ነው?"

"እሺ" አለች። ትክክል እንደሆንኩ ታውቃለች። ለመከራከር ግን አቅም ያጣች መሰለች።

ሚያዝያ 19፣ ሐሙስ

ብረት አገኘሁ! ጣሪያው ላይ ዲሹ የቆመበት ምሰሶ ክፍት ቱቦ ነው፤ ስለካው ከሰልባቲዮው አፍ ጋር ወርዱ እኩል ነው። መብራት ከሌለ ቴሌቪዥን ምን ያደርጋል? መጋዝ ይዤ ወጣሁ።

ከላይ ያየሁትን ለነዚህ ሴቶች አልነግርም። በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ የለም። ግማሹን ስቆርጥ አንድ ነገር በጆሮዬ አጠገብ ፉጨት አሰምቶ አለፈ፤ በደረቴ ተኛሁ። ጣሪያው ምጣድ ነው፣ ሆዴ ተቃጠለ። ተኝቼ መቁረጤን ቀጠልኩ። ሶፍያ ከታች "ባባ ኢንዚል! ውረድ! ውረድ!" እያለች ታለቅሳለች። ምሰሶውን ሳልይዝ አልወረድኩም።

አሁን ሳስበው አላምንም። ለአንድ ቁራጭ ብረት!

ግን ደግሞ ያለ እሱ እንዴት እንሄዳለን?

ሚያዝያ 22፣ እሑድ

ከኦመር አሮጌ መኪና ላይ ጠማማውን የራዲያተር ጎማ አወጣሁ። ጎማው ከታች ሰልባቲዮው ላይ፣ ከላይ የዲሹ ብረት ላይ ይጠብቃል። ለመተንፈሻው ቀጭን ቱቦ አጥቼ ስጨነቅ መሠረት ከክሊኒክ ያመጣችውን የግሉኮስ ቱቦ አቀበለችኝ። ለክዳን የወተት ቆርቆሮ ክዳን፣ ከሥሩ የከመነዳሪ ቁራጭ። ውሃ አፍስሼ ስሞክረው ጎማው መገጣጠሚያ ላይ ይንጠባጠባል። ፈታሁት። መልሼ አሰርኩት። ያንጠባጥባል።

ስልኬን ከመኪናዋ ባትሪ ሞልቼ ጂብሪልን በብዙ ሙከራ አገኘሁት። አስረዳሁት።

"የራዲያተር ጎማ ቤንዚን ይበላዋል" አለኝ። "ያብጥና ይለሰልሳል። ግማሽ ብቻ ሙላ፤ ቤንዚኑ እስከ ጎማው አይደርስም። መደኒ ያደርስሃል።"

"ጎንደር ድረስስ?"

"ኡስታዝ" አለ። ድምፁ ተለወጠ። "እዚህ ውሃ ከጨረስን ቆየን። አንዱ ልጅ ሊቀዳ ወጥቶ አልተመለሰም። ስለ ጎማ አትጠይቀኝ።" ስልኩ ተቋረጠ። እንደገና ብደውል አይጠራም።

ከዚያ ከመሠረት ጋር ተጣላን። ሌላ ጎማ ልፈልግ ስል በሩ ላይ ቆማ ከለከለችኝ።

"እኔና ሶፍያ በሀፍላ እንሂድ። ከሱቅ ሻዕቢ መናኸሪያ ይነሣል አሉ። ሬሕማም ትምጣ።"

"እኔን ትታችሁ?"

"አንተማ ከእሷ አትለይም" ብላ ወደ መኪናዋ ጠቆመች። "ልጠይቅህ፣ ጎንደር ማን ነው መኪናህን ሊያይ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅህ?"

ይህን ለምን ተናገረች? ለደኅንነታቸው ብዬ እንደሆነ አታውቅም? ተናግራ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ውሃ ጠየቀች። እንደገና ጠየቀች። ከአጠገቧ ስቀመጥ ትንፋሿ የበሰበሰ ፍሬ ዓይነት ይሸታል። ወይ እኔ ነኝ፤ ከእነዚህ ቀናት ወዲህ አፍንጫዬ ውስጥ ከቤንዚን በቀር ምንም የለም።

ሚያዝያ 23፣ ሰኞ

ታጣቂዎች ገቡ። የማን እንደሆኑ አልለየሁም፤ ልብሳቸው ግማሹ የወታደር፣ ግማሹ የሲቪል ነው። ስልኬን ወሰዱ። የሶፍያን ሬሕማ ቀሚሷ ውስጥ ደብቃዋለች። አንዱ "የመኪናውን ቁልፍ!" ብሎ መሣሪያውን ደረቴ ላይ አደረገ። ሰጠሁት።

ሌላው ጎንበስ ብሎ አየ። አንገቱን ፈትቼ መሬት ላይ ዘርግቼዋለሁ፤ ሰልባቲዮው ክፍት ነው። "ይቺ አፍ የላትም! በምን ትሞላታለህ?" ብሎ ሳቀ። ቁልፉን ፊቴ ላይ ወርውረውልኝ ወጡ። ጀሪካኖቹን አላገኟቸውም፤ ሬሕማ ልብስ ማጠቢያው ሥር ከታቸዋለች።

እንግዲህ ጨርሼው ቢሆን ኖሮ መኪናዋ ሄዳ ነበር! ይህን ለመሠረት ነገርኳት። መዘግየቴ አዳነን አልኳት። ዓይኗን ሳትገልጥ "እኛን?" አለች።

ምን ማለቷ ነው? ተኝታ ስለነበር ይሆናል።

ሚያዝያ 25፣ ረቡዕ

በሻማ ነው የምጽፈው።

ጠዋት መሠረት ልትነሣ ብላ ወደቀች። አስመለሳት። ትንፋሿ ፈጣንና ጥልቅ ሆኗል፤ ሩጫ ላይ ያለች ይመስላል። "የጉድጓዱ ውሃ ነው፣ ሆዷን አበላሽቷት ነው" አልኩ። ሬሕማ አተኩራ አየችኝ።

"ጋሼ፣ ምን ነክቶዎት ነው? ይኼ የሆድ ነው? ስኳሯ እኮ ነው! እኔ የአሠሪዬን፣ የሐጃን አውቀዋለሁ።"

ሶፍያ ለቅሶዋን ዋጥ አድርጋ ተናገረች። "ባባ፣ ማማ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ኑስ ኑስ ነው የምትወጋው። ግማሽ ግማሽ። ትናንት ኸላስ፣ አለቀ። አትንገሪው አለችኝ።"

"ለምን?"

"አንተ ሲነግሩህ ያን ብረት ይዘህ ትወጣለህ።"

አላየሁም ማለት አልችልም። ውሃ ስትጠጣ አይቻለሁ። ቀሚሷ ሲሰፋባት አይቻለሁ። ትንፋሿንም ሸትቼ እዚሁ ጽፌዋለሁ! የሰልባቲዮው መተንፈሻ ተደፈነ ብዬ ስንት ቀን በጀርባዬ ተኛሁ። የሚስቴን ትንፋሽ ግን...

ሬሕማ ተነሥታ ሻርፗን አጠበቀች። "ሐጃ ስትሄድ መድኃኒቷን ሁሉ አልወሰደችም። ቤቱ ሶላር አለው፣ ፍሪጁ ይሠራል። ቁልፉ እኔው ዘንድ ነው" አለች። እኔ ልሂድ አልኳት። "እርስዎ ወንድ ነዎት፤ መንገድ ላይ ካገኙዎት አይለቁዎትም። እኔን ሥራዬ ነው፣ ወደ ቤቴ ነው እላለሁ" አለችና ቁልፉን በእጇ ጨብጣ ወጣች። በሩን ይዤ ቀረሁ።

የምሠራው ነገር ሳጣ መኪናዋ ጋ ሄድኩ። አልለካሁም፣ ውሃም አፍስሼ አልሞከርኩም። ጎማውን ከተትኩ፣ አጠበቅሁ፣ ጨርቅ ጠመጠምኩበት፣ በሽቦ አሰርኩ። ሶፍያ ጀሪካኑን ከእኔ ጋር አነሣች። ቤንዚኑ ሰተት ብሎ ገባ። ጠብታ አልተመለሰም። ይህን ስጠብቅ ነው የከረምኩት፤ ሆኖ ሳየው ግን ምንም አልተሰማኝም።

ሬሕማ የተመለሰችው ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ነው። ነጠላ ጫማዋ አንዱ የለም። የት ጣልሽው ብላት "ተዉት" አለች። መድኃኒቱን በበረዶ ከረጢት አድርጋ ብብቷ ውስጥ ይዛዋለች። መሠረትን ሶፍያ ወጋቻት። ዛሬ ሐውሽ አልወጣሁም። አጠገቧ ሆኜ አየሁ።

ነገ ሲነጋ እንወጣለን። ቢያንጠባጥብም።

ሚያዝያ 27፣ ዓርብ፣ መደኒ

የሆስፒታሉ ግቢ ዛፍ ሥር ሆኜ እጽፋለሁ። ትናንት ደረስን።

መሠረትን ኋላ ላይ አስተኝተን፣ ራሷን ሬሕማ ታፋ ላይ አድርገን ነው የወጣነው። ሶፍያ ከፊት ከእኔ ጋር። መስኮቱን ሁሉ ከፍተናል፣ ቢሆንም ሽታው ያፍናል። መጀመሪያው ኬላ ላይ "ውረድ" ሲሉኝ አረብኛዬ ሁሉ ጠፋብኝ። ስንት ዘመን የሰው ወረቀት የተረጎምኩበት አረብኛ! "ሐበሻ ነህ? ወዴት? ቤንዚን ከየት አመጣህ?" ሶፍያ ከመኪናው ወረደች። እዚህ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፣ አነጋገሯ የሰፈሩ ነው። "ያ ኻል፣ አጎቴ፣ እናቴ ናት፣ እየሞተችብኝ ነው፣ ራስህ እያት" አለችው። ወታደሩ በኋላ በር አንገቱን አስገባ። ሽታው አገኘውና የያዘውን ሲጋራ ቶሎ ጥሎ በጫማው ረገጠው። "እናንተ ሰዎች፣ ልትቃጠሉ ነው! ያላ፣ ሂዱ፣ ሂዱ!"

ከዚያ በኋላ ባለው ኬላ ሁሉ የምትወርደው ሶፍያ ሆነች። እኔ መሪ ይዤ ተቀመጥኩ።

መንገድ ዳር ቆመን ሁለተኛውን ጀሪካን ስናወርድ ጎማው አብጦ ነበር። መገጣጠሚያው ላይ ርጥበት አለ። ሬሕማ ከመኪናው ውስጥ "ጋሼ፣ ቶሎ!" አለችኝ። ቀዳሁ፣ ከደንኩ፣ ሄድን። በፊት ቢሆን ፈትቼ እንደገና አስረው ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ "ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነችው?" አለ። "ሁለት ቀን" አልኩ። ሶፍያ በዚያው ቅጽበት "ሳምንት አለፋት" አለች። ሐኪሙ እኔን ቀና ብሎ አየኝና የእሷን ጻፈ።

እስካሁን አልነቃችም። ጂብሪልም ስልኩን አያነሣም። በሶፍያ ስልክ ስንቴ ደወልኩ።

ሚያዝያ 29፣ እሑድ

ዓይኗን ገለጠች። ሬሕማን አወቀቻት። እኔን ስታይ ዓይኗ ላይ የነበረውን ነገር አላወቅሁትም። ቁጣ አይደለም። ፍቅርም ነው ለማለት አልደፍርም።

ግንቦት 2፣ ረቡዕ

ኦመር አፈላልጎ አገኘን። ቤቱ ሃያ ሰው ተጠግቶበታል፤ ያም ሆኖ ሶፍያንና ሬሕማን ወስዶ ገላቸውን እንዲታጠቡ አደረገ፣ ምግብ ላከ። ስለዚያ ሁለት ወንበር አንድም ቃል አልተናገረም። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ጂብሪል ራሱ ደወለ! ከባሕሪ በሰሜን በኩል ወጥተው ሸንዲ ከተማ ደርሰዋል። "አንገትህን ግን ጥዬው መጣሁ፣ አፉ በለኝ" አለኝ። አንድ ሰው ሞት ከቦት ሲያመልጥ ስለ እኔ ቱቦ ይቅርታ ይጠይቃል? "ምን አንገት አለኝ ብለህ ነው፣ እንኳን የአንተ ተረፈ" አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን፣ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

ከሰዓት መሠረት ተደግፋ ተቀመጠች። ሶፍያና ሬሕማ ወጣ ብለው ነበር። ይቅር በይኝ ልላት አስቤ የጀመርኩት ሌላ ነገር ነው፤ ስለ ኬላዎቹ፣ ስለ ሽታው፣ ስለ ወታደሩ ሲጋራ ተረኩላት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት በመጨረሻ።

"ነርስ ነኝ። ያለኝ መድኃኒት እስክትጨርስ ያደርሰኛል ብዬ አሰላሁ።" አንሶላውን አስተካከለች። "አንተ የምትጨርስ ሰው እንዳልሆንክ ረሳሁት።"

"ለእናንተ ብዬ ነበር..."

"ወንዴ፣ ለማን ብለህ እንደነበር አንተም አታውቀውም። እኔም አላውቀውም። ተወው።" እጄን ያዘች፤ እጇ ቀዝቃዛ ነው። "ከዛሬ ጀምሮ ግን መቼ እንደምንሄድ የምናገረው እኔ ነኝ። ወዴት እንደምንሄድም።"

"እሺ" አልኳት።

"እሺ ብቻ?"

"እሺ። መቼ ነው ታዲያ?"

"ስነግርህ ትሰማለህ" ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ወጥቼ ግቢው ውስጥ ተንከራተትኩ። ጎንደር መሄድ እፈልጋለሁ ወይስ አልፈልግም? በመኪና ካልሆነስ? ያን ሁሉ ቀን መኪናዋ ሥር ተኝቼ ይህን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁም።

ግንቦት 5፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጠዋት መሠረት ጫማዋን አድርጋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሻንጣው ተዘጋጅቷል። መድኃኒቷን ሬሕማ ይዛዋለች።

"ገዳሪፍ" አለች፤ ወደ ገላባት የሚወስደው መንገድ ነው። "አሁን።"

መኪናዋ ሥር ጎንበስ ስል ጎማው እንደገና አብጧል፤ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ቀና አልኩ። ሦስቱም ገብተው ተቀምጠዋል።

በሩን ዘግቼ ሞተሩን አስነሣሁ።